የእንደሻው ጀርባ

ጽጌ ነፋስ ትፈራለች። ጅብ አትፈራም፤ ሐረር ተወልዶ ያደገ ሰው ጅብን እንደ ጎረቤት ውሻ ነው የሚያየው። ሌባም ያን ያህል አያስደነግጣትም። ነፋስ ግን፣ በተለይ በመኪና መስኮት ሾልኮ የሚገባ ነፋስ፣ ለእሷ ሰው ገዳይ ነው። ታናሽ ወንድሟ ጌታቸው ከጅጅጋ በክፍት አይሱዙ ተጭኖ መጥቶ፣ በሳምንቱ ደረቱን እንደያዘ ሞቶባታል። ሐኪሙ ለበሽታው ሌላ ስም ሰጥቶት ነበር። እናቷ ግን «ነፋስ መታብኝ» እያሉ አለቀሱ፤ ለቀስተኛውም ያንኑ ተቀበለ፤ ጽጌም ከዚያ ወዲህ ሌላ ማብራሪያ አልፈለገችም። ታክሲ ስትገባ መጀመሪያ መስኮት ትዘጋለች፣ ከዚያ ነው መቀመጫ የምትፈልገው።

እንዲህ ያለችው ሴት ነፋስ ፍለጋ የሚወጣ ሰው አገባች።

እንደሻው የወታደር ልጅ ነው። አባቱ ከጎጃም ተመድበው መጥተው በዚያው የቀሩ አሥር አለቃ ነበሩ። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ዩኒፎርማቸውን አወለቁና የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆኑ። እንደሻውም ትምህርቱን ትቶ ሸዋ በር አጠገብ ካለ ዳቦ ቤት ገባ። እዚያ ኋላዋ ላይ የእንጨት ሣጥን የታሰረባት ከባድ የቻይና ሳይክል ሰጡት። ከንጋት ጀምሮ ትኩስ ዳቦ ጭኖ ፈረስ መጋላን አልፎ፣ በጀጎል ጠባብ መንገዶች ቁልቁል እየወረደ ለየሱቁ ያድላል። ቁልቁለቱን ማንም ይወርደዋል። እሱ ግን ሲመለስም ከኮርቻው አይወርድም ነበር፤ ሣጥኑን እንደጫነ፣ ድንጋዩ ላይ እየዘለለ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ቁጭ ብሎ ይወጣዋል። አንድ ጠዋት ይህንን ያዩት የከተማው የብስክሌት ክለብ አሠልጣኝ ጋሽ ለማ ናቸው። አንድ ዳቦ ገዙና «አንተ ልጅ፣ ያለ ሣጥን ነድተህ ታውቃለህ?» አሉት።

ጽጌ ስታገባው ክለብ ከገባ ቆይቷል። ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ ወፍራም፣ አፉ ዝምተኛ ነው። ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የኮርሳዋን፣ የውድድር ሳይክሏን፣ ካቴና በናፍጣ ሲያጥብ ብቻ የሆነ ዜማ በአፍንጫው ያዜማል። ሳይክሏ የክለቡ ብትሆንም የምታድረው ቤት ውስጥ፣ ከአልጋው እግርጌ ነው። ልጃቸው ሩት ተወልዳ መሬት ላይ መዳህ ስትጀምር መጀመሪያ ተደግፋ የቆመችው የሳይክሏን ጎማ ነው። ጽጌ ይህንን ሁሉ ቻለችው። ሰው የማይችለው ነገር የለም፤ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ።

ያልቻለችው አንድ ነገር ነው፤ ባሏ ሁልጊዜ የመጨረሻ መሆኑ።

ውድድር ባለ ቁጥር ማለቂያው ፈረስ መጋላ ነበር። ጽጌ ጊደር መጋላ በርበሬና ሚጥሚጣ የምትሸጥበትን ቦታ ለጎረቤቷ ለመርየም ትታ ሽቅብ ትሮጣለች። ሄኖክ የሚባለው ቀጭኑ ልጅ አንደኛ ይገባል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ የቀሩት ተከታትለው ይደርሳሉ፤ ሕዝቡ ይበተናል። አሮጌዎቹ ፔጆ ታክሲዎች ተመልሰው አደባባዩን ይሞሉታል። እንደሻው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፊቱ በአቧራና በላብ ጨው ነጭ ሆኖ፣ አንገቱን ደፍቶ። አንድ ጊዜማ አንድ ባለ ባጃጅ ክላክስ ነፍቶ ከመንገድ አስወጥቶታል። ተወዳዳሪ መሆኑን አላወቀም።

መርየም ጨዋታ አታስቀርም። «አቦ ጽጌ፣ ባልሽ ዛሬም መንገዱን ጠርጎ ነው የመጣው?» ትላታለች፣ ኮረሪማውን በጣቷ እያገላበጠች።

«ተዪኝ እባክሽ።»

«ወላሂ፣ እኔ ብሆን አህያ ነው የምገዛለት። አህያ ቢያንስ ለምሳ ይደርሳል።»

ጽጌም ትስቃለች፤ ምን ታድርግ። ቤት ስትገባ ግን ሳቁ ይጠፋባታል። አንድ ቀን ጠየቀችው።

«ቆይ፣ አንተ እዚያ ሄደህ ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ሥራዬን» አላት።

«መጨረሻ መውጣት ምን ሥራ ይባላል?»

«የእኔ ሥራ ከፊት ነው» አለና ወደ ካቴናው ተመለሰ።

«ከፊት ብትሆንማ ኖሮ ቀድመህ በደረስህ!»

እሱ ናፍጣ ጨመረና ማጠቡን ቀጠለ። እሷም ሽንፈቱን መናገር አፍሮ እንደሆነ አሰበችና አዘነችለት። ከዚያ በኋላም አልጠየቀችውም።

የአለማያ ሐይቅ ደርቆ ባለቀ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ዓመት መሰለኝ፣ ያ በጋ የነፋስ በጋ ሆነ። ከኅዳር ጀምሮ ከምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ታኅሣሥ ላይ ጭራሽ አበደ። ሸዋ በር ያሉ ጫት ሻጮች ጥላቸው እየተገለበጠባቸው በገመድ ከድንጋይ ጋር አሰሩት። የጽጌ ቤት ቆርቆሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ ያድራል። ክለቡ ደግሞ የጥር ውድድር ስላለበት በዚያ ነፋስ ውስጥ ወደ ደንገጎ መንገድ እየወጣ መለማመዱን አጠናከረ። እንደሻው ማሳል ጀመረ።

ጽጌ ጀርባውን በቅባት አሸችው። ፌጦ በሎሚ በጥብጣ አጠጣችው። ሳሉ አልተወውም። ከዚያ ቀዩን የሱፍ ሻርፕ አወጣች። ራሷ የሠራችው፣ ወፍራምና ረጅም፣ አንገትን ሁለቴ ዞሮ ገና ደረት ላይ የሚተርፍ ነው። አንገቱ ላይ አሰረችለትና ጫፉን ይዛ አልለቀው አለች።

«ማልልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«መንገድ ላይ ላታወልቀው። እኔ በእጄ ካልፈታሁት በቀር ከአንገትህ ላይወርድ።»

«ጽጌ፣ እኛ እኮ ስንነዳ...»

«ማል አልሁህ! የጌታቸው ይበቃኛል።»

የጌታቸውን ስም ስትጠራ እንደሻው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «በመድኃኔዓለም» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት አስራለት ትሸኘዋለች፤ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ይቆምና አንገቱን ዝቅ ያደርግላታል፤ እሷ ትፈታለታለች። አንድም ቀን ራሱ አውልቆት አልመጣም። ሳሉ ግን አልቀረም። እንዲያውም ጥልቅ ሆነ፤ የጌታቸውን ሳል መሰላት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ጋሽ ለማ ሁልጊዜ ሻይ ወደሚጠጡበት የፈረስ መጋላ ሻይ ቤት ሄደች። ጋሽ ለማ ድሮ በጦር ሠራዊት ቡድን ውስጥ የነዱ፣ አንድ ጉልበታቸው የማይታጠፍ ሽማግሌ ናቸው። አይተዋት ለመነሣት ሞከሩ።

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ ይቀመጡ» አለች። ራሷ ግን አልተቀመጠችም። «ጋሽ ለማ፣ ለልመና ነው የመጣሁት። ባሌን ይልቀቁልኝ።»

«ማን ያዘው?»

«ሳይክሏ ናት የያዘችው። ዕድሜው ሄዷል፤ ያስላል። አሸንፎ የማያውቅ ሰው በዚህ ነፋስ ውስጥ ለምን ይሞታል? እኔ ተው ብለው አይሰማኝም። ሳይክሏ የክለቡ ናት፤ እርስዎ ቢወስዱበት ያበቃል።»

ጋሽ ለማ ብርጭቋቸውን ትንሽ አሽከረከሩት። «ያበቃል። ስጠኝ ብለው ዛሬውኑ አምጥቶ ያስረክበኛል። አይከራከርም። ግን ከዚያ በኋላ ምን ይዞ እንደሚያዜም እንጃለት።»

ጽጌ ማታ ማታ እንደሚያዜም ማን እንደነገራቸው ገረማት።

«ነድቶ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ሲገባ አየዋለሁ እንጂ! ሁሌ እዚሁ ቆሜ አይደል የማፍረው?»

«ሲገባ አይደለም ያልሁሽ። እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ቅዳሜ ደንገጎ ደርሰን እንመለሳለን። ከእኔ ጋር መኪና ውስጥ ትቀመጫለሽ። ሐረር ስንገባ ‹ይውሰዱበት› ካልሽኝ፣ ሳላሳድር እወስድበታለሁ።»

«ይማሉልኝ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «በሥላሴ! እሱን ያስማልሽው አንሶሽ ነው?»

ለምን እንዲህ እንዳሉ ያን ጊዜ አልገባትም።

ቅዳሜ ጠዋት እንደሻው ሚስቱን የክለቡ ፒካፕ ውስጥ ተቀምጣ ሲያያት ፍሬኑን ያዘ። ሻርፑ እንደታሰረ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሽርሽር» አለችው።

ትንሽ አያትና ፈገግ አለ። «በይ መስኮቱን ዝጊው።»

ዘግታው ነበር። ፒካፗ አንድ ረድፍ መቀመጫ ብቻ ነው ያላት፤ ሾፌሩ ሙሜ፣ መሐል ጋሽ ለማ፣ በሩ ጋ ጽጌ። ሙሜ ጉንጩ ውስጥ ጫቱን አስተካክሎ ሞተሩን አስነሣ። ከኋላ ጭነቱ ላይ ትርፍ ጎማዎች ይንኳኳሉ። ብስክሌተኞቹ ተሰብስበው፣ እያወሩና እየተጎሻሸሙ፣ ሐመሬሳን አለፉ፤ አወዳይን አለፉ። ነፋሱ ከጀርባቸው ስለሆነ እግራቸውን ያነቃነቁ አይመስሉም። ደረቁን ሐይቅ ሲያልፉ አንዱ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ሙዝ ይልጥ ነበር። እንደሻው ከሁሉም ኋላ ነው፤ የሰፈር ሰው ሰላም እያለ የሚሄድ ይመስል ቀስ ብሎ።

«ይኸው ነው?» አለች ጽጌ። ለዚህ ነው ስንት ዓመት ልብሱን ያጠብሁት ብላ አሰበች።

«ይኸው ነው» አሉ ጋሽ ለማ።

ደንገጎ አፋፉ ላይ ቆሙ። ከታች የድሬዳዋ ቆላ እንደ ጭስ ሆኖ ይታያል። ልጆቹ ውሃ ጠጡ፣ ወደ ቁጥቋጦው ሄደው ተመለሱ። ጽጌ የበጠበጠችውን በሶ ለእንደሻው ሰጠችው፤ ቆሞ ጨለጠው። ከዚያ ማንም ምንም ሳይል ጨዋታው ቆመ። ሄኖክ ማሊያውን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገ። አንዱ አማተበ። ሳይክሎቹን ወደ ሐረር አዞሩ።

አዴሌን እስኪያልፉ ኮረብታው ከልሏቸው ነበር። ከዚያ ሜዳው ተከፈተ።

ጽጌ በመጀመሪያ ያየችው አህዮቹን ነው። መንገድ ዳር የቆሙት አህዮች በሙሉ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ፣ ቂጣቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው፣ ጆሯቸውን አጣብቀው ደንዝዘዋል። ባሕር ዛፎቹ ጎብጠው የቀሩ መስለዋል። አንድ ጭልፊት ከሜዳው በላይ ክንፉን እየመታ በአንድ ቦታ ቆሟል፤ ይበርራል፣ አይሄድም። ሐይቁ የነበረበት መሬት ደግሞ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። አቧራው እንደ ሌላው ቀን ሽክርክሪት ሠርቶ ብድግ አላለም፤ ሜዳውን ሞልቶ፣ መሬት ለመሬት፣ ድሮ ውሃው ይሄድ እንደነበረው ማዕበል እየሠራ ነው የሚመጣው። ፒካፗ ራሷ ተንገዳገደች። ሙሜ መሪውን በሁለት እጁ ያዘና «ያ ረቢ» አለ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ነፋስ ለጽጌ በቀዳዳ የሚገባ ሌባ ነበር፤ ቀዳዳውን ከደፈኑት አለቀ። እንዲህ ያለ፣ አገር የሚያህል፣ መግቢያም መውጫም የማይፈልግ ነገር መሆኑን አላወቀችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ያዘቻቸው።

«እንግዲህ እይ» አሉ ጋሽ ለማ።

እንደሻው ከኋላ ተነሣ። ተሰብስበው ይሄዱ የነበሩትን በግራ በኩል አልፎ ፊት ወጣ። አልተጣደፈም፤ የቤቱን በር እንደሚከፍት ሰው ነው የወጣው። ጎንበስ አለና ትከሻውን ነፋሱ ላይ አስደገፈ። የቀሩት ወዲያው ከእሱ ኋላ በሰያፍ ተደረደሩ፤ አንዱ ከአንዱ ትንሽ ወደ ቀኝ እየሆነ፣ ግድግዳ ላይ እንደተደገፈ መሰላል። ነፋሱ ከግራ ከፊት ነበርና እያንዳንዱ ከፊቱ ባለው ሰው ጥላ ውስጥ ገባ። ሄኖክ ከእንደሻው ጀርባ ልጥፍ ብሎ፣ እንደ ጫጩት ተሰብስቦ፣ እግሩን እንደ ዋዛ ያሽከረክር ነበር።

«ምንድን ነው የሚያደርጉት?»

«ፊት ያለው ነው ነፋሱን የሚቀበለው» አሉ ሽማግሌው። «ከኋላው የተጠጋው እሱ ሰንጥቆ ባለፈው ቀዳዳ ይሄዳል። ግማሽ ጉልበቱ ይተርፍለታል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እየያዙ ይቀያየራሉ።»

እውነትም አንዱ ልጅ ወጥቶ የእንደሻውን ቦታ ያዘ። ገና ጥቂት ሳይሄድ ሰውነቱ ተወዛወዘ፣ ፍጥነቱ ወደቀ፣ መሰላሉ ተንጋደደ። እንደሻው ተመልሶ ፊት ወጣ። ሌላው ሞከረ፤ እሱም እንዲሁ ሆነ። እንደሻው ወጣ። ከዚያ በኋላ የሚሞክር አልመጣም። እሱም ዞሮ አላየ፤ ማንንም አልጠራም።

«ያን ሁሉ ሰው ብቻውን?» አለች ጽጌ። ድምጿ ተቀይሮባታል።

«ይኸው ስንት ዓመቱ።»

«ማን አዘዘው?»

«መጀመሪያ እኔ ነኝ ያዘዝሁት። አሁን ማንም አያዘውም። ሄኖክ የሰበሰበው ዋንጫ ሁሉ ከዚያ ጀርባ ኋላ የተገኘ ነው። ራሱን ጠይቂው፤ አይክድሽም።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«አልነገረሽም?»

«‹ሥራዬ ከፊት ነው› ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ነገረሽ እኮ» አሉ ጋሽ ለማ።

ጽጌ መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስጠጋች። ያንን ጀርባ ታውቀዋለች። በቅባት ያሸችው ነው፤ ከታች በኩል ያለችውን የዳቦ ምድጃ ጠባሳ እንኳን በጣቷ ታውቃታለች። አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ስንት ጊዜ ተናዳበታለች። አሁን ግን ሌላ ሰው ይመስል ነበር። አቧራው በሜዳው ሙሉ እየጋለበ ይመጣና እሱ ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። በዓይኗ አየችው፤ ቀዩ ማዕበል ደረቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ በግራና በቀኝ ያልፋል፤ ከኋላው ያሉት ልጆች ንጹሕ አየር ውስጥ ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያን የገባች ይመስል ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ያን ጊዜ ነው ሻርፑ የተፈታው። ቋጠሮው ሳይሆን ጥምጥሙ ነው የላላው፤ ረጅሙ ጫፍ ከደረቱ ወጥቶ ወደ ኋላው ተዘረጋ፤ አንገቱን ወደ ኋላ እየጎተተ ይጮህ ጀመር። ሄኖክ ፊቱን እንዳይመታው አንገቱን ሰበር አደረገ። እንደሻው በአንድ እጁ ሊሰበስበው ሲሞክር ሳይክሏ ተዋለለችበት፤ ተወውና መሪውን ያዘ።

ሙሜ ሳቀ። «ይኸው ባንዲራው ወጣ! እትዬ፣ እኛ ባንዲራው ነው የምንለው። ይህን ሰሞን ሁሌ እንዲሁ ነው።»

«አውልቀው፣ ነፋሱ ሳያንስህ ሌላ ሰው ትጎትታለህ እንዴ ብዬ ስንት ጊዜ ጮኼበታለሁ» አሉ ጋሽ ለማ። «‹ምያለሁ› ይለኛል። ለማን እንደማለ አይናገርም። ለማን እንደሚሆን ግን ገምቼ ነበር።»

ጽጌ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ሜዳው አልቆ አወዳይ ሲገቡ፣ ጫት የጫኑ ፒካፖች በክላክስ እየጮሁ በጎናቸው ተፈተለኩ። መሰላሉ አልፈረሰም። ከከተማዋ መውጫ ያለው ዳገት እግር ስር ሲደርሱ እንደሻው ወደ ዳር ወጣና በእጁ እለፉ አለ። ልጆቹ እንደ ተለቀቀ ጥጃ ፈተለኩ። ሄኖክ ሲያልፍ ጀርባውን በመዳፉ ነካ አደረገው። ከዚያ ሁሉም ሄዱ። እንደሻው ብቻውን ቀረ፤ በዚያ ነፋስ ውስጥ፣ ባዶ ጆንያ ሆኖ፣ አንድ እግሩን ከሌላው ቀጥሎ እየጣለ። ትከሻው በሳል ተናጠ።

«ልቅደመው ጋሼ?» አለ ሙሜ። መኪናዋ ሁልጊዜ ከፊተኞቹ ጋር ነው የምትሄደው፤ ጎማ የሚፈነዳበት ቢኖር ብለው።

«ከእሱ ጋር ማን ይቀራል?» አለች ጽጌ።

«ማንም» አሉ ጋሽ ለማ።

«ሙሜ፣ በግራው በኩል ጠጋ በልለት።»

ሙሜ ሽማግሌውን አያቸውና መሪውን ወደ ግራ አዞረ። መኪናዋ ቀስ ብላ ከእንደሻው ጎን ደረሰች። ጽጌ የመስኮቱን መዘውር ያዘች። ደርቆ ስለነበር በሁለት እጇ ነው ያዞረችው። መስታወቱ ሲወርድ አቧራውም ቅዝቃዜውም አንድ ላይ ገቡ።

«እትዬ! ኧረ ዓይኔ!» አለ ሙሜ።

እንደሻው ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። «መስኮቱን ዝጊው!» ብሎ ጮኸ። «ይመታሻል!»

«ዝም በልና አንገትህን አምጣ!»

«ምያለሁ እኮ!»

«ያስማልሁህ እኔ አይደለሁ? በእጄ ልፍታህ ና!»

ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ሳይክሏን አስጠጋ። ጽጌ ከወገቧ በላይ ወጣች። ጋሽ ለማ ቀሚሷን ከኋላ ጨምድደው ያዟት፣ «ኧረ በሥላሴ፣ ኧረ ቀስ!» እያሉ። ቋጠሮው በላብ ጠጥሮ ነበር። በጥፍሯ፣ በጣቷ ታገለችው፤ ጉንጩ ሲነካት እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ አንገቱ ግን እሳት ነበር። ቋጠሮው ተፈታ። ሙሜ መኪናዋን ወደ ኋላ አስቀራት።

ያን ጊዜ ከመኪናዋ ከለላ የወጣው ሻርፕ ከእጇ ሊያመልጥ ተፈተለከ። በሁለት እጇ ያዘችው። ሻርፕ ነው፤ በስንዝር የምትለካ የሱፍ ቁራጭ ናት፤ ግን ክንዷን ከነትከሻዋ ሊነቅለው ጎተታት፣ ታስሮ እንደሚጮህ እንስሳ ተወራጨ። ለጥቂት ጊዜ ያዘችው እንጂ ከዚያ በላይ አቅም አልነበራትም። ጎትታ አስገባችውና ጭኗ ላይ ጫነችው። ይቺ ብቻዋን ይህን ያህል ከጎተተች፣ ብላ አሰበችና ወደ ሰፊው ትከሻ ተመለከተች። ሐሳቧን መጨረስ አልቻለችም።

እንደሻው አንገቱን ግራና ቀኝ አዞረ፣ ቀንበር እንደወረደለት በሬ። ከዚያ ጎንበስ አለና ዳገቱን ያዘው።

መኪናዋ እስከ ሐረር ከእሱ አልተለየችም።

ፈረስ መጋላ ሲደርሱ ልጆቹ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሄኖክ ብቻ ብድግ አለና የእንደሻውን ሳይክል ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈለት። ታክሲዎቹ ይጮሃሉ፤ ከመንገደኛው ማንም ዞር ብሎ አላየም። ጋሽ ለማ ጽጌን ተከትለው የማይታጠፈውን እግራቸውን ቀድመው አወረዱና በሩን ይዘው ቆሙ።

«እህስ፣ ምሏል ለማ። ልውሰድበት?»

ጽጌ ሻርፑን አጣጥፋ እንደገና ዘረጋችው። ዓይኗ በረንዳው ላይ ነበር፤ እንደሻው ቁጭ ብሎ፣ ጣቶቹ ስላልታዘዙለት የሻይ ብርጭቆውን በሁለት መዳፉ ነበር የያዘው።

«ከአወዳይ በኋላ ብቻውን አይቀርም» አለች። «በልምምድ ቀን መኪናዋ ከእሱ ጋር ትመጣለች። ሄኖክ ጎማ ቢፈነዳበት እንኳን ቆሞ ይጠብቅ፤ ወጣት ነው። ሳሉን ደግሞ ሰኞ ሐኪም ያየዋል፤ እረፍ ካለው ያርፋል።»

«ሳይክሏስ?»

«ሳይክሏ ምን አደረገች?» አለች ጽጌ። «እስቲ በዚህም ይማሉልኝ።»

ጋሽ ለማ እየሳቁ ማሉ።

ቤት ሲገቡ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። እንደሻው ደጃፉ ላይ ቆመና በልማድ አንገቱን ዝቅ አደረገ። የሚፈታ ነገር አልነበረም። ሁለቱም ሳቁ። እግሩን በሙቅ ውሃ አጠበችለት፤ ሩት ሳሙናውን ይዛ ቆማ ነበር። ጽጌ ሰኞ ጊደር መጋላ መርየም ስትጠይቃት ምን እንደምትላት አሰበች። የሚነገር አልሆነላትም። አህያ ነው የምገዛለት ላለች ሴት ምን ትላታለች?

«እንደሻው» አለችው፣ ፎጣውን እየጨመቀች። «አንተ ለሰው ሁሉ ከፊት ነህ። ለአንተስ ከፊት ሆኖ ነፋስ የከለለልህ ሰው አለ? መከለሉ ምን ምን ይላል?»

እንደሻው ሳይጠይቁት ከመናገር ይልቅ ሲጠይቁት መመለስ የባሰ ይቸግረዋል።

«አላውቀውም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ ግን፣ መኪናዋ ጎኔ የሆነች ጊዜ፣ አንቺ አንገቴን ስትታገዪ... ፀጥ አለልኝ። እግሬ ቀለለኝ። ከዚያ ባትለቂኝ ብዬ ነበር።»

ጽጌ ውሃውን ደጅ ደፋችው። ነፋሱ ከጀጎል በኩል ተነሥቶ ቆርቆሮውን መነቅነቅ ጀምሯል። ትንሽ ቆማ ፊቷን ሰጠችው። ከዚያ ገባችና መስኮቱን ዘጋች፤ ከስሩ ያለችውን ቀዳዳ ደግሞ በቀዩ ሻርፕ ደፈነቻት። እንደሻው ካቴናውን ማጠብ ጀምሮ ያዜም ነበር።